«ካቬድ» ማለት «ከባድ» ማለት ነው ወይ?

ለዚህ ጋዜጣ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አገር ቤት ሳለሁ ከሦስተኛ ክፍል በላይ ስላልተማርኩ የፊደል ስሕተት ብታገኙ ይቅር በሉኝ። ትልቋ ልጄ አንብባ ጥቂቱን አርማልኛለች፤ የቀረው የራሴ ነው።

ልጽፍ የፈለግሁት በአማርኛና በዕብራይስጥ ስለሚመሳሰሉ ቃላት ነው። ኡልፓን የገባ ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት የሚሰማው ነገር አለ፤ «አይዟችሁ፣ ዕብራይስጥና አማርኛ ዘመዳሞች ናቸው፣ ቶሎ ትይዛላችሁ» ይባላል። ውሸት አይደለም። ቤት «ባይት» ነው፣ ስም «ሼም» ነው፣ ሰማይ «ሻማይም» ነው። እኔም ይህን ስሰማ ደስ ብሎኝ፣ አንድ የዕብራይስጥ ቃል በጆሮዬ ባለፈ ቁጥር በአማርኛ የሚመስለውን እየፈለግሁ እቀመጥ ነበር። ጉድ የሠራኝም ይኸው ልማድ ነው። እሱን ግን በተራው እነግራችኋለሁ።

ባለፈው ወር ሞራችን ክፍሉን በሙሉ ይዛ ኢየሩሳሌም ከተማ ወደ ኢትዮጵያ መንገድ ለቲዩል ወሰደችን። መንገዱ ጠባብ ነው፤ በግራና በቀኝ የድንጋይ ግንብ አለው፤ ጸጥ ያለ ነው። ዱሮ «ሬሖቭ ሀሐባሺም»፣ የሐበሾች መንገድ፣ ይባል ነበር አሉ። ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት የሚባለው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ያለው እዚያ ነው። በአጼ ዮሐንስ ዘመን ተጀምሮ በአጼ ምኒልክ ዘመን በ1893 ያለቀ ነው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። እንደ አገራችን አሠራር ክብ ነው፤ ከበሩ በላይ አንበሳ ተቀርጿል። እኛ አይሁድ ስለሆንን ከውጭ የቀረ አለ፣ ግቢው ድረስ የዘለቀም አለ። ሞራችን «እንደ ፈቃዳችሁ» አለችን። እኔ ግቢው ውስጥ ገብቼ ነበር። ነጠላ የለበሱ ሰዎች ቀስ ብለው በአማርኛ ሲነጋገሩ ስሰማ፣ ምን ልበላችሁ፣ ጎንደር ያለሁ መሰለኝ።

ሞራችን ግን ያመጣችን ለቤተ ክርስቲያኑ ብቻ አልነበረም። ከዚያው ከፊት ለፊት፣ በዚያው መንገድ ቁጥር 11፣ ኤሊዔዜር ቤን ዬሁዳ የኖረበት ቤት አለ። ይህ ሰው በ1881 ወደ ኢየሩሳሌም የመጣ ነው። በዚያን ጊዜ ዕብራይስጥ እንደ ግዕዝ ነበር፤ ይጸለይበታል፣ ይነበብበታል፣ ነገር ግን ገበያ ወጥቶ ሽንኩርት የሚገዛበት ሰው ብዙ አልነበረም። እሱ ግን በቤቱ ሌላ ቋንቋ እንዳይነገር ከለከለ። በ1882 የተወለደው ልጁ ከዕብራይስጥ በቀር ሌላ ሳይሰማ አደገ። ለአዲስ ነገር ስም ሲያጣ ከቅዱስ መጽሐፍ ሥር እያወጣ፣ ከዐረብኛም እየተዋሰ፣ አዲስ ቃል ይሠራ ነበር። «ሚላ» ቃል ማለት ነው፤ ከሱ «ሚሎን» አወጣ፣ መዝገበ ቃላት ማለት ነው። «ዔት» ጊዜ ማለት ነው፤ ከሱ «ዒቶን» አወጣ። ይህች በእጃችሁ ያለችው ጋዜጣ «ዒቶን» የተባለችው በዚህ ሰው ምክንያት ነው። ትልቁን መዝገበ ቃላቱን ግን ሳይጨርሰው በ1922 ሞተ፤ ሌሎች ቀጥለውት በ1959 አለቀ። እንግዲህ አስቡት፣ አንዱ በዚህ ወገን በግዕዝ ይቀድሳል፣ ሌላው በዚያ ወገን የዕብራይስጥ ቃል ይፈልጋል፤ በመካከላቸው ያለው አንዲት ጠባብ መንገድ ነች።

ከዚያ ሞራችን የቤተ ክርስቲያኑን ስም እንድንተረጉምላት ጠየቀችን። ገነት ማለት «ጋን ዔዴን» ነው አልናት። «እንግዲያው ገነት ማለት ‹ጋን› ነዋ!» አለች። ሁላችንም ሣቅን። ለኛ «ጋን» ማለት ትንንሾቹ ልጆቻችን በየጧቱ የሚሄዱበት፣ አሸዋ በጫማቸው ሞልተው የሚመለሱበት ቤት ነው። በአማርኛ ደግሞ ጋን የጠላ ጋን ነው። በዕብራይስጥ መጀመሪያ የአትክልት ቦታ ማለት ነው፤ የሕፃናቱም ቤት «የልጆች አትክልት ቦታ» ተብሎ ነው ስሙን ያገኘው። ገነት ግን ለኛ ሰው ከሞተ በኋላ የሚገባበት ነው፤ በሕይወት እያለ ምሳውን በቦርሳ ይዞ የሚሄድበት አይደለም።

አንዲት ሴት የአምስት ዓመት ልጇን ይዛ መጥታ ነበር። ልጁ አንድ ሰው ግቢው ውስጥ መነኩሴውን «አባ» ብሎ ሲጠራ ሰማና፣ «እማ፣ ያ ሽማግሌ አባቱ ናቸው?» ብሎ ጠየቃት። ልጁ እዚህ ነው አፉን የፈታው፤ ለሱ «አባ» ማለት ቤት ያለው አባቱ ብቻ ነው።

ሞራችን ይህን ሲተረጎምላት ደስ አላትና ጥላ ሥር አስቁማ፣ «እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ጥንድ አምጡ፤ አንዱ ከአማርኛ፣ አንዱ ከዕብራይስጥ» አለችን።

መጀመሪያ ቀላል ቀላሉ ወጣ። ራስ «ሮሽ»፣ ዓይን «ዓይን»፣ ደም «ዳም»፣ ጉሮሮ «ጋሮን»። አንዱ «ቤሬኽ» ብሎ ጉልበቱን መታ። እኛ ብርክ የምንለው ሰው ፈርቶ ሲንቀጠቀጥ ነው፤ «ብርክ ያዘው» እንላለን። ለካ የሚንቀጠቀጠው ጉልበቱ ኖሯል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም «ናኾን፣ ናኾን» ነበር።

ከዚያ ተራው የአባባ ሆነ። በክፍላችን በዕድሜ የሚበልጡት እሳቸው ናቸው። «እኔ አንድ አለኝ፤ ግን ጥንድ ሳይሆን ጠላት ነው» አሉ። ጥርሳቸውን አሟቸው ሐኪም ዘንድ ሄደው «አፍ፣ አፍ» እያሉ ያሳያሉ። ሐኪሙ መብራት አብርቶ አፍንጫቸውን ይመለከታል። እሳቸው «አፍ!» ሲሉ እሱ ወደ አፍንጫቸው የባሰ ይጠጋል። «አፍ» በዕብራይስጥ አፍንጫ ነው። አፍ ደግሞ «ፔ» ነው። አባባ ከዘመዶቻቸው አንዱ ቄስ ስለሆኑ ነገሩን ጠይቀዋቸው ነበር። በግዕዝ አፍንጫ «አንፍ» ነው አሏቸው። እንግዲህ የዕብራይስጡ «አፍ» የአፍንጫችን ወንድም እንጂ የአፋችን ወንድም አይደለም ማለት ነው። ይህን እኔ በራሴ አላገኘውም ነበር።

ቀጥላ ከጎኔ የምትቀመጠው ሴት ተናገረች። ባሏ ታሞ የቀረች ጊዜ ሞራችን ለምን ቀረሽ ብትላት «ባዓል ሀባይት ሼሊ ሖሌ» አለቻት። ባለቤቴ ታሟል ማለቷ ነው። ሞራችን ግራ ገባት። «ባዓል ሀባይት» በዕብራይስጥ ቤት የሚያከራይ ሰው ነው። መርካዝ ክሊታ የሚኖር ሰው አከራይ ከየት አመጣ? ቢታመምስ አንቺ ለምን ከትምህርት ትቀሪያለሽ? ነገሩ የሚገርመው እንዲህ ነው። «ባዓል» በነሱም ባል ነው፣ በነሱም የአንድ ነገር ጌታ ነው። በኛም ባል አለ፣ ባለ መሬት፣ ባለ ሱቅ አለ። ቃሉ በሁለቱም ዘንድ ሁለት ፊት አለው። ነገር ግን ከቤት ጋር ሲገናኝ እኛ ትዳሩን ያዝን፣ እነሱ ንብረቱን ያዙ። ባሌ ለማለት «ባዓሊ» ብቻ በሉ። ከመርካዙ ወጥታችሁ ቤት የምትከራዩ ደግሞ ይህን ቃል በደንብ ያዙት፤ «ባዓል ሀባይት መጣ» ሲባል የኪራይ ቀን ነው።

ከዚያ የኔ ተራ ሆነ። እኔ ሌላ ጥንድ አልመጣልኝም፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ በራሴ ውስጥ የሚዞረው አንድ ቃል ነበርና። «ከባድ፣ ካቬድ» አልኩ። ሞራችን «ናኾን!» አለች፤ ጨመረችና ግን እጇን ከጎድኗ በታች በቀኝ በኩል አድርጋ፣ «ካቬድ ይህም ነው» አለች። ጉበት ማለቷ ነው። እኔ እግሬ ከዳኝና ግንቡን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ሰዉ ሁሉ ፀሐይ የመታኝ መስሎት ውኃ አመጣልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ድካም ድካም እያለው ስለነበረ ሐኪም ዘንድ አብሬው ሄድኩ። ያን ቀን የምታስተረጉመን መጋሼሬት አልነበረችም። እኔ ከሱ ይልቅ ኡልፓን የቆየሁ ስለሆንኩ «አንቺ ስሚ» አለኝ። ሐኪሙ ረጅም ንግግር ተናገረ። ከዚያ ሁሉ ንግግር ሁለት ቃል ያዝኩ፤ «ዳም» እና «ካቬድ»። ዳም ደም መሆኑን አውቃለሁ፤ ይኸኛው አላሳሳተኝም። ካቬድንም አውቃለሁ ብዬ ነበር፤ ኡልፓን በገባን በመጀመሪያው ሳምንት «ሀሳል ካቬድ» ብለን ተምረናል፣ ዘንቢሉ ከባድ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ገጣጠምኩና «ደሙ ውስጥ ከባድ በሽታ አለ» ብዬ ተረጎምኩት። ለራሴ ማለቴ ነው። ለሱ «ምንም አይደለም አለ» አልኩት።

ደም ደግሞ በኛ ሰዎች ዘንድ እንዲሁ የሚታለፍ ቃል አይደለም። እኛ አዲሶቹ ባንኖርበትም፣ በ1996 ወገኖቻችን የለገሱት ደም ሥራ ላይ ሳይውል ይደፋ እንደነበረ ታውቆ በኢየሩሳሌም ታላቅ ሰላማዊ ሰልፍ መደረጉን ቀድመው የመጡት ነግረውናል። እኔም «ደም» ሲባል ክፉውን አሰብኩ።

ሐኪሙ «ሀፍናያ» የሚባለውን ወረቀት ሰጥቶኝ ነበር። ሀፍናያ ማለት ወደ ምርመራ የሚልክ ወረቀት ነው፤ ደም አስመርምሩ የሚል ነው። እኔ ግን ፍራሽ ሥር ደበቅሁት። ባይመረመር ባያውቀው ይሻላል አልኩ። ጎንደር ላለው ወንድሙ ደወልኩና ወንድምህ አልዳነም አልኩት። ወንድሙ ምስጢር መያዝ አልሆነለትም፤ ለእናታቸው ነገራቸው። እሳቸውም ሽማግሌ ሴት ናቸው፣ ሳምንት ሙሉ እህል አልቀመሱም። እኔ እዚህ ከባለቤቴ ጋር መጨቃጨቄን ትቼ፣ የሚወደውን ሠርቼ አቀርብለት ነበር። አንድ ቀን «ምን ሆነሻል? ሦስት ሳምንት ሙሉ አልተቆጣሽኝም» አለኝ። ወደ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ሞራችን ያን ቀን ግንቡ ሥር ተቀምጣ አስረዳችኝ። በዕብራይስጥ ዕቃ ሲከብድ «ካቬድ» ነው፤ በዚህ ከኛ ጋር አንድ ነን። በሽታ ሲከብድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሐኪም የሚለው «ካሼ» ነው፤ ለሴት ቃል «ካሻ» ይሆናል። ሐኪም ዘንድ «ካቬድ» ከተባለ ብዙውን ጊዜ ጉበት ነው። ግዕዝም «ከብድ» የሚል ቃል አለው አሉ፤ ሆድን ወይም ጉበትን ይላል። እኛ ክብደቱን ብቻ ይዘን ጉበቱን ተውነው ማለት ነው።

በነጋታው ወረቀቱን ከፍራሽ ሥር አውጥቼ ለባለቤቴ ሁሉን ነገርኩት። መጀመሪያ ሣቀ። ቀጥሎ ዝም አለ። ቀጥሎ «ለእናቴ ማን ይነግርልኛል?» አለ። ማታውኑ ደወልንላቸው፤ ድምፁን ካልሰሙ አላመኑም። ደሙን ሰጠ። ውጤቱ ሲመጣ መጋሼሬቷን ይዘን ሄድን። ሐኪሙ አንዲት ቃል ብቻ ተናገረ፤ «ታኪን» አለ። ይህ ቃል በአማርኛ ምንም የሚመስለኝ አላገኘሁለትም። ስለዚህ ወዲያው «ምን ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ደኅና ነው፣ እንደሚገባው ነው፣ ጉድለት የለውም ማለት ነው አለችኝ። ልብ በሉ፤ ፈጽሞ የማላውቀውን ቃል ጠየቅሁ፣ አውቀዋለሁ ያልኩትን ቃል ግን ሦስት ሳምንት ሳልጠይቅ ተሸክሜው ዞርኩ።

ከዚያ ወዲህ ከሐኪም ቤት የሚገኙትን አሳሳች ቃላት መልቀም ጀመርኩ። አንዱ «ማሐላ» ነው። በአማርኛ መሐላ ሰው የሚምለው ነው። በዕብራይስጥ በሽታ ነው። «የማሐላ ወረቀት» ቢሏችሁ ፍርድ ቤት አይምሰላችሁ።

ሌላው «ሌቭ» ነው። ልብ «ሌቭ» መሆኑ እውነት ነው፤ እዚህ ላይ ቃሉ አያሳስትም፣ የሚያሳስተው የኛ አነጋገር ነው። እኛ «ልቤን አጥወለወለኝ» ስንል ማስመለስ ማስመለስ አለኝ ማለታችን ነው። «ሌቭ» ብላችሁ ደረታችሁን ከነካችሁ ግን ሐኪሙ የሚያስበው ደም የሚረጨውን ልብ ነው፤ አስተኝቶ ሽቦ ይለጥፍባችኋል። ለማስመለስ «ቤሒላ» የሚል ቃል አላቸው። ያዘነ ሰውም ሆዴ ተቃጠለ ብሎ ቃል በቃል ቢነግራቸው የቃር መድኃኒት ይሰጡታል። ኀዘን ሲሆን «አኒ አጹቭ» በሉ፤ ሴት ከሆናችሁ «አኒ አጹቫ»። ቃሉ ቀጭን ነው፣ አንጀት አያደርስም፣ ግን ይገባቸዋል።

ከሐኪም ቤት ውጭ ደግሞ «ኮል» አለ፤ ቃል ለሚለው ዘመዱ ነው። ግን «ኮል» ድምፅ ነው። ሞራችን «ኮልሽ አይሰማኝም» ስትለኝ፣ ቃሉን ያጠፋሁ እየመሰለኝ ሌላ ቃል እፈልግ ነበር፤ ያንኑም በዚያው በዝግታ ድምፄ። እሷ ግን ጮክ በይ ማለቷ ነበር። እኛ በትልቅ ሰው ፊት ጮክ ብለን አንናገርም፤ እሷ ደግሞ ይህን አታውቅም። «ዝማን» ደግሞ ዘመን ይመስላል፤ ጊዜ ማለት ነው። የቢሮ ሠራተኛ «ዔን ሊ ዝማን» ቢላችሁ ዘመኔ አለቀ ማለቱ አይደለም፤ አሁን ጊዜ የለኝም፣ ሌላ ቀን ኑ ማለቱ ነው። (ሌላ ቀንም እንዲሁ ሊላችሁ ይችላል፤ ያ የቃል ጉዳይ አይደለም።)

ባለቤቴ የሚቀጥለው ወር ሌላ ቀጠሮ አለው፤ ድካሙ ገና አልለቀቀውም። መጋሼሬቷ እንድትኖር ከአሁኑ ነግረናታል። እኔም በትንሽ ወረቀት ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌ በቦርሳዬ ይዣለሁ፤ «ሎ ሄቫንቲ፣ ታስቢር ሊ ሹቭ» ይላል። አልገባኝም፣ እንደገና አስረዳኝ ማለት ነው። ሴት ሐኪም ከሆነች «ታስቢሪ» ነው።

ሞራችን ኡልፓኑ በር ላይ ባለው ሰሌዳ አንድ ትልቅ ወረቀት ለጥፋለች። እንዲህ የሚመስል ቃል አሳስቷችሁ ከሆነ፣ በአማርኛም ቢሆን ጻፉበት፤ መጻፍ የማይሆንለት ሰው ለማናችንም ቢነግረን እንጽፍለታለን። እስካሁን አሥራ አንድ ቃላት ተጽፈዋል። የመጨረሻውን ያስጻፉት አባባ ናቸው። አውቶቡስ ላይ «ሆድ ሀሻሮን» የሚል ጽሑፍ አይተው ልጃቸው ሲያነብላቸው፣ «የማን ሆድ ነው?» ብለው ጠየቁ። የከተማ ስም ነው፤ «ሆድ» በዕብራይስጥ ግርማና ክብር ማለት ነው። አባባ ግን እስካሁን አላመኑም።